በእህቴ ለቅሶ ላይ የተተረቱት

ስለ ሞት የሚነገረውን ተረትና ምሳሌ አባቴን ያህል የሚያውቅ ሰው በአገራችን አልነበረም። ቀበሌያችን ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ከሚወስደው መንገድ ወርዶ በእግር የሁለት ሰዓት ቁልቁለት ነው። እዚያ ሰው ሲሞት፣ ፍትሐቱ አልቆ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ለቀስተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሣሩ ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይነሳሉ። ቄስ ናቸው፤ ሰዉ ግን ከቅስናቸው ይልቅ አንደበታቸውን ይወድ ነበር። የሟቹን ዕድሜ፣ የቤቱን ሁኔታ፣ የሐዘንተኛውን ጠባይ አይተው አንዱን ተረት ይመርጡና ቀስ ብለው ይናገሩታል። ሲያለቅስ የነበረው ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ "እውነት ነው" ይላል፤ ነጠላውን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እኔ መካነ ሰላም አማርኛ አስተምራለሁ። ምሳሌያዊ አነጋገር የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ ከአባቴ የሰማሁትን እየጠቀስኩ ነበር የማስተምረው። ስለ ሞት ብቻ የተነገሩትን ለይቼ አንድ ደብተር ሙሉ ጽፌ ነበር። እኮራባቸው ነበር። ዛሬ ግን ከእነዚያ አባባሎች አንዱንም እዚህ አልጽፍም። ረስቻቸው አይደለም፤ አንብቦ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው እንዲኖር ስለማልፈልግ ነው።

ቀበሌያችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በወዲህ በኩል ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው አሉ። በወዲያ በኩል መስጊዱና ሰፋ ያለው የእርሻ መንደር አለ። እኔ ልጅ ሳለሁ ክረምት ሲገባ የወዲያኛው ሰው ውኃው እስኪጎድል ብቻውን ይቀር ነበር። በኋላ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ሲመረቅ በሬ ታርዶ በላን። ከዚያ በኋላ ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ሳንቃው በዝናብ በሰበሰ፤ አንዱ ሲወድቅ ሰው ዘሎ ማለፍ ለመደ፤ ሁለት ሲወድቅ ደግሞ ሰፋ አድርጎ መራመድ ለመደ። ገመዱን ከምሰሶው ጋር የያዙት ብሎኖች ዝገው ቀይ ዱቄት ያራግፉ ነበር።

መጀመሪያ የወደቁት ከገበያ ሲመለሱ የነበሩ አንድ የወዲያ ሰፈር ሽማግሌ ናቸው። በጀናዛቸው ላይ የወዲያ ሰፈሩ ሸህ ስለ ቀደር፣ አላህ አስቀድሞ ስለጻፈው ዕጣ፣ ተናገሩ፤ ሰዉም አሜን ብሎ ተበተነ። በሁለተኛው ዓመት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ወደቀች። የእሷ ቀብር በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስለነበር እኔም ተገኝቻለሁ። እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ "ድልድዩ... ያ ድልድይ..." እያለች ነበር። ቃሏን ሳትጨርስ አባቴ ተነሱ። የተናገሩት ተረት ሞት ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉንም እንደሚወስድ የሚገልጽ ነው። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። እናትየዋ ዝም አለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔ በዚያ ሰዓት አባቴን አደነቅኋቸው። ማታውኑ ያቺን ተረት ደብተሬ ላይ ጻፍኳት።

እህቴ ግን አላደነቀችም። እህቴ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ታንሳለች። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ስለነበረች ያሳደግኳት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ "እትዬ" ነበር የምትለኝ። ደሴ ተምራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነችና እዚያው ተወልዳ ባደገችበት ቀበሌ ተመደበች። ከአባቴ ጋር ነበር የምትኖረው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገር የማታሳልፍ ልጅ ነበረች። ሰማያዊውን የክትባት ሳጥን ትከሻዋ ላይ አንግታ ሁለቱንም ሰፈር በእግሯ ታዳርስ ነበር። የወዲያ ሰፈር እናቶች ልጆቻቸውን ለማስከተብ እሷ እስክትመጣ ይጠብቁ ነበር እንጂ ወደ ኬላው አይሻገሩም ነበር፤ ድልድዩን ይፈሩታላ።

ከተማሪዋ ቀብር ስንመለስ አባቴን መንገድ ላይ አቆመቻቸው።

"አባባ፣ ሴትዮዋ የምትለው ነበራት እኮ። ለምን አላስጨረሷትም?"

"ሐዘን ላይ ያለ ሰው ብዙ ይላል ልጄ። ማጽናናት ነው የኛ ሥራ።"

"ልጇ የሞተችው በሳንቃ ነው፤ ሳንቃ ደግሞ ይገዛል።"

አባቴ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ነኝ "ተይ፣ አባባን አታስቀይሚ" ያልኳት።

ከዚያ በኋላ ለወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ መጻፍ ጀመረች። ረቂቁን ስትልክልኝ አማርኛውን አስተካክልላት ነበር። እኔ የማስተካክለው ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ነው፤ የምትለው ነገር ሁሉ ግልጽ ነበር። ስንት ሳንቃ እንደጎደለ፣ የትኛው ብሎን እንደላላ፣ በቀን በግምት ስንት ተማሪ እንደሚሻገር ትጽፋለች። መልስ አልመጣም። አንድ ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ራሱ ለስብሰባ ቀበሌያችን መጣ። ጥያቄ ካለ ሲባል እጇን አወጣች። ያን ቀን እኔ አልነበርኩም፤ ስልክ ደውላ ነው የነገረችኝ።

"'ድልድዩ ሦስተኛ ሰው ሳይበላ ይጠገን' አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ተረት ተረተብኝ! ሞት ቀኑን ጠብቆ እንደሚመጣ የሚለውን፣ የአባባን ተረት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እትዬ፣ ሳቁ እኮ!"

"አባባስ?"

"አባባ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እሳቸው አልሳቁም። ግን ተረቷ የሳቸው ስለሆነች ደስ ያላቸው ይመስለኛል።"

ይህን የተናገረችው በሰኔ ነው።

በነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወለው የቀበሌያችን የቅሬ ዳኛ ነበር። እኛ አገር እድሩን ቅሬ ነው የምንለው፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑንም ወንበሩንም የሚያወጣው እሱ ነው። "እህትሽ ትንሽ አመም አድርጓታል፤ ብቅ ብትይ" አለኝ። የቅሬ ዳኛ ስለ ሕመም አይደውልም። እህሌን ወፍጮ ቤት ጥዬ ሚኒባስ ፍለጋ ሮጥኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ የጠበቅኩትን አንድ ሰዓት መቼም አልረሳውም። ረዳቱ "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው" እያለ ይጮኻል፤ እኔ የሁለት ሰው ሒሳብ እከፍላለሁ ብዬው "ኧረ አብሽሪ፣ ይሞላል" አለኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይውጠኝ ነበር። ኩርባው ላይ ስደርስ በአባቴ ደጅ የተተከለውን ድንኳን አየሁ።

እንዴት እንደሆነ የነገረኝ አንድ የወዲያ ሰፈር ገበሬ ነው። ሚስቱ በወለደች በአራተኛው ቀን ትኩሳት ይዟት፣ ሰው ልኮ ነበር እህቴን ያስጠራት። እህቴ ጠዋት ተሻገረች፤ አራሷን አየች፤ መድኃኒት ሰጠች፤ የሰፈሩን ሕፃናትም ከተበች። ከሰዓት በኋላ ላይኛው አገር ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሞላ።

"እደሪ አልኳት፤ ወላሂ ለምኛታለሁ" አለኝ ገበሬው። "ነገ ጠዋት ኬላው የሚመጡ እርጉዞች አሉኝ አለች። ሳጥኑን ልያዝልሽ፣ ላሻግርሽ አልኳት። 'ሁለት ሰው አይችልም፣ እኔ ልምድ አለኝ' አለችኝ። መሐል ስትደርስ በግራ በኩል ያለው ገመድ ከምሰሶው ተላቀቀ። ድልድዩ እንደ ሰሌን ተገለበጠ። በአንድ እጇ ይዛ ነበር። ይዛ ነበር እኮ! እኔ ዋና አልችልም። ጮኽኩ፤ ከመጮህ በቀር ምንም አላደረግኩም።"

ሰውየው መሬቱን በእጁ እየመታ አለቀሰ። በማግስቱ ሁለቱም ሰፈር ወንዙን ይዞ ፈልጎ ታች ቆላው መታጠፊያ ላይ አገኛት። ሳጥኑ ትከሻዋ ላይ ነበር።

ተረቱ የጀመረው እኔ ገና ከመድረሴ ነው። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥኩ አንዲት ባልቴት ትከሻዬን ይዘው አንዱን ተናገሩ። ቀጥሎ ንፍሮ ይዞ የመጣ ጎረቤት ሌላውን። የእናቴ ወንድም ሌላውን። ሁሉም ለደግ ነው፤ ሁሉም ወድደውን ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ሁሉም የተናገሩትን ከአባቴ ነው የተማሩት፤ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እያንዳንዱ ሲነገር የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ትዝ ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጆሮዬን መድፈን ጀመርኩ። ሰዎቹ ያበድኩ መሰላቸው። ቀኗ ነው ይሉኛል። የእህቴን ቀን ማን ወሰነው? ለሦስት ዓመት ብሎኑ ሲዝግ ያየ ሁሉ አይደለም ወይ የወሰነው? እህቴ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። በሽታ አልያዛትም፤ መብረቅ አልመታትም። መፍቻና አንድ ቀን ሥራ ቢኖር ኖሮ ያን ማታ አባቴ ቤት ገብታ እራቷን ትበላ ነበር።

አባቴ ሦስቱን ቀን ቃል አልተናገሩም። ማዕዘኑ ላይ በርጩማ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። በቀብሯ ዕለት ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃቸው አልተነሱም። የተነሳላቸው ሌላ ሰው ነው።

በሠልስቱ ኃላፊው መጣ። ከሁለት የቢሮ ሰዎች ጋር ጭቃውን ወርዶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ደረሰ። ቁልቁለቱን በእግሩ ወርዷልና ሰዉ አመሰገነው። ከአባቴ አጠገብ አስቀመጡት። ትንሽ ቆይቶ ለመናገር ተነሳ። እህቴ ጀግና እንደነበረች፣ ለሕዝብ ስትል እንደተሰዋች፣ ቢሮው በሐዘኑ ተካፋይ እንደሆነ ተናገረ። እስከዚህ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ "መቼም ለእርስዎ ተረት መተረት ለቀባሪው ማርዳት ነው..." ብሎ ፈገግ አለና ያችኑ ተረት ደገማት። በሰኔ በስብሰባው እህቴ ላይ የተረታትን። ቃሏ ሳትለወጥ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

"ይህንን ተረት በሕይወት ሳለች ነግረሃታል" አልኩት። አንተ ነው ያልኩት፤ በሕይወቴ ባለሥልጣን አንተ ብዬ አላውቅም። "ድልድዩ ይጠገን ስትልህ ነው የነገርካት። ሰው አስቀህባታል። አሁን ደግሞ በሠልስቷ ልትደግመው መጣህ?"



"እህቴ፣ ሐዘንሽን እረዳለሁ..." አለ ኃላፊው።

"እህቴ አትበለኝ። የጻፈችልህን ማመልከቻ እኔ ነኝ ያረምኩት። ስንት ብሎን እንደላላ ጽፋልሃለች። አንብበኸዋል ወይስ አላነበብከውም? ይህን ብቻ መልስልኝ።"

"እባክሽ ተይ፣ ለቅሶ ቤት ነው" አሉ የእናቴ ወንድም። አንዲት ሴት ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ። ከወዲያ ሰፈር በዙሪያ መንገድ ሲጓዙ አርፍደው የደረሱት ሸህ "ሶብሪ ልጄ፣ ታገሺ" አሉኝ። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። የሚያስቀምጠኝ ሰው ሁሉ እሷንም ያስቀመጣት መሰለኝ።

ያን ጊዜ አባቴ ተናገሩ። ሳይነሱ፣ ቀና ሳይሉ ነው።

"ተዉአት፣ ትናገር። ያችን ተረት እሱ ከየት አመጣት? ከኔ ነው የሰማት። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ከኔ ነው የሰማችሁት። የዚያችን ተማሪ እናት አስታውሳችኋታል? ድልድዩ ስትል ዝም አሰኘኋት። ያን ቀን እኔ ዝም ብል ኖሮ ሴትዮዋ ጮኻ እናንተም ተቆጥታችሁ ወረዳ ትሄዱ ነበር። አጽናናኋችሁ፤ ተጽናንታችሁ ቤታችሁ ገባችሁ። ልጄ ይህንኑ መንገድ ላይ አቁማ ነግራኝ ነበር። አልሰማኋትም።"

ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሩ። "ጌታዬ፣ ስለመጡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ የጠየቀችዎትን ግን ይመልሱላት።"

ኃላፊው የበጀት ነገር፣ የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው የሚል ነገር ተናገረ። ማመልከቻውን ስለማንበብ ሳይናገር ንፍሮውን ሳይቀምስ ሄደ።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው አባቴ እንዲህ ብለው ከተናገሩ በኋላ ሆዴ የቀለለኝ ይመስላቸዋል። አልቀለለኝም። እንዲያውም በኃላፊው ላይ የነበረኝ ንዴት ግማሹ ወደ አባቴ ዞረ፤ ግማሹ ደግሞ ወደ ራሴ። እኔም እኮ ደብተር ገዝቼ የጻፍኩት ሰው ነኝ። እህቴን "አባባን አታስቀይሚ" ብዬ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ከአባቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እስከ አርባዋ ስንቆይ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

በአርባዋ ማግስት ያ ገበሬ መጣ። ወንዙ ጎድሎ ስለነበር በእግሩ ተሻግሮ ነው። ሚስቱ ተሽሏት ነበር። "የወዲያ ሰፈር ወንዶች ተማክረናል፤ ወረዳ ልንሄድ ነው፤ ማመልከቻውን ጻፊልን" አለኝ። እኔ መጻፍ አላስፈለገኝም፤ የእህቴ ማመልከቻ ስልኬ ላይ ነበረ። ቀኑን ብቻ ለውጬ፣ መጨረሻው ላይ የሦስቱን ሰዎች ሞት ጨምሬ ገለበጥኩት። የሁለቱም ሰፈር ሰው ፈረመበት። ሸሁም ፈረሙ፤ አባቴም ፈረሙ። የተማሪዋ እናት መጻፍ ስለማትችል አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች።

ስንሄድ አባቴ ጉልበታቸውን እያመማቸው ከፊት ከፊት ወጡ። ቢሮው ስንደርስ ጸሐፊዋ ተነስታ ወንበር ሰጠቻቸው። ኃላፊው ገና ሲያያቸው ስለ ሐዘናቸው ሊናገር ጀመረ።

"ልጄን ቀብሬያለሁ" አሉት። "ሊያጽናኑኝ አልመጣሁም። ድልድይ ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"አባቴ፣ አሠራር አለው..."

"ይኑረው። እኛ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን።"

ተቀመጥን። ሃያ ያህል ሰው ነበርን። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ተረት አልተረተም። ባለጉዳይ ሲመጣ ሸሁ "ኑ፣ እዚህ አረፍ በሉ፣ የድልድይ ጉዳይ ነው" እያሉ ያስተናግዱ ነበር። ቢሮው ሲዘጋ ወጣን፤ በሳምንቱ ተመለስን። በሦስተኛው ጊዜ አንድ መሐንዲስ ከእኛ ጋር ወርዶ ብሎኖቹን አየ። በጥር አዲስ ገመድ መጣ። ሳንቃው ከእናንተ ይሁን አሉ፤ ሰዉ ባሕር ዛፉን ቆርጦ፣ ሰንጥቆ አመጣ። ሥራው ስንት ቀን እንደወሰደ ታውቃላችሁ? አራት ቀን። ለአራት ቀን ሥራ ሦስት ሰው ሞተ። ድልድዩ ሲያልቅ የወረዳ ሰዎች ሊመርቁት መጥተው ሪባን ሊቆርጡ ነበር። የተማሪዋ እናት መቀሱን ከሠራተኛው እጅ ተቀብላ "ይህ ምረቃ የለውም" አለችና ተሻግራ ሄደች። ሰዉም ተከተላት። ኃላፊው በዚያ ጊዜ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ነበር። ዕድገት ነው አሉኝ።

አባቴ ለስድስት ወር ያህል በቀብር ላይ አልተናገሩም። ባለፈው ዓመት ግን የሸሁ እናት አረፉ። ዘጠና ያለፋቸው፣ የልጅ ልጅ ልጅ ያዩ፣ በአልጋቸው ላይ ተኝተው የሄዱ ሴት ናቸው። አባቴ ለቅሶ ሊደርሱ ተሻገሩ፤ እኔም ለእረፍት መጥቼ ስለነበር አብሬ ሄድኩ። ሸሁ "ቄሴ፣ እንደ ድሮው አንድ ነገር በሉን" ብለው ለመኗቸው። አባቴ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ተናገሩ፤ ከደብተሬ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን ነው። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሸሁ ዕንባቸውን ጠርገው "አላህ ያቆይልን" አሉ።

ስንመለስ መንገድ ላይ አልቻልኩም። "እንደገና ጀመሩ?" አልኳቸው።

"ለኚህ ሴት ልክ ነው ልጄ። ዘጠና ዓመት ኖረው፣ ልጆቻቸው ተሸክመዋቸው ነው የሄዱት። ያ ቃል የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ሞት ነው። እኔ ያጠፋሁት ቃሉን ማወቄ አይደለም። ለሁሉም ማልበሴ ነው። አሁን ቀብር ስጠራ መጀመሪያ 'በምን ሞተ?' ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው አይወድልኝም፤ ግን እጠይቃለሁ።"

ልክ ናቸው መሰለኝ። በአእምሮዬ ልክ ናቸው። ሆዴ ግን እስካሁን አልተቀበለውም። ከእነዚያ ቃላት አንዱን በሬዲዮ እንኳ ስሰማ እዘጋዋለሁ።

ችግሩ ማስተማር ሥራዬ ነው፤ ምዕራፉም በየዓመቱ ይመጣል። ዘንድሮ ስደርስበት ተማሪዎቹን እንዲህ አልኳቸው፦ "ስለ ሞት የሚነገር አባባል እንድትሰበስቡ አልፈልግም። ቤታችሁ ሄዳችሁ በቅርብ የሞተባችሁ ሰው በምን እንደሞተ ጠይቁና ጽፋችሁ አምጡ።" አንዱ "መምህር፣ ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?" አለኝ። አይመጣም አልኩት።

በሳምንቱ አመጡ። ብዙዎቹ አንድ መስመር ነው የጻፉት፤ "ቀኑ ደርሶ" ብለው። ከአቀስታ መጥታ አክስቷ ጋር እየኖረች የምትማር አንዲት ልጅ ግን ሁለት ገጽ ጽፋ ነበር። አንብቢው ስላት ቆማ አነበበች። ወንድሟ ሆዱን ሦስት ቀን አሞት፣ መኪና ጠፍቶ፣ በቃሬዛ ተሸክመውት ሲሄዱ መንገድ ላይ እንደሞተ ጽፋለች። እሷ እስከዚያ ሳምንት ድረስ የምታውቀው ጊዜው ደርሶ እንደሞተ ብቻ ነበር። እናቷን ሦስት ጊዜ ጠይቃ በሦስተኛው እናትየዋ ተነስታ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከነገረቻት በኋላም ረጅም ሰዓት አለቀሰች።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ወላጆች ቅሬታ አቅርበዋል፤ ልጆቹ ቁስል እየነካኩ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን ብቻ አስተምሪ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ በለቅሶዬ ጊዜ ቁልቁለቱን ወርዶ ደርሶኛል።

"መጽሐፉ ላይ ያለውን አስተምሬያለሁ" አልኩት። "ይህኛው የኔ ነው።"

"የሚመጣው ዓመትም እንዲሁ ልታደርጊ ነው?"

"አዎ።"

ብዕሩን አንስቶ አንድ ነገር ሊጽፍ ጀመረና ተወው። "በይ ደወል ተደውሏል፣ ክፍልሽ ግቢ" አለኝ። ገባሁ። ያቺ ልጅ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌላ አራት ገጽ ጽፋ ጠብቃኛለች፤ ይህኛው ማመልከቻ ነበር፤ ለአምቡላንስ።